ማሽኑ እንዳለው

አያ ሙሄ መሞታቸውን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከኋላ፣ ጥጉን ይዤ ነው። ሒሳቡን ከቤት ስወጣ ጀምሮ በእጄ እጨብጠዋለሁ። "ወራጅ አለ" ለማለት ድምፄ እንዳይከዳኝ፣ መውረጃዬ ገና ሩቅ ሳለ ልቤ መምታት ይጀምራል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሹፌሩ ከአጠገቤ ከተቀመጡ አንድ ነጋዴ ጋር በመስታወቱ እየተያየ ያወራ ነበር። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሏል።

"የማሾ ፋብሪካው ሽማግሌ ሞቱ አሉ። ትናንት ጨፋ ተቀበሩ።"

"የትኛው? እህሉን በጥርሳቸው የሚለኩት?"

"እሳቸው። መጨረሻ ላይ እንኳ ጉቦ በልተው ነው የተባረሩት ይባላል።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ ነጋዴው። "በዚያ ዕድሜ ጉቦ ምን ያደርጋል?"

"ሆድ መቼ ያረጃል ጋሼ!"

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ መንገድ ማሳጠሪያ ወሬ ነው። እኔ ግን አፌ ውስጥ አንዲት ቃል ነበረች። "አልበሉም" የምትል። አላወጣኋትም። ነጋዴው ሲወርዱ መውረጃዬ ሳይደርስ አብሬያቸው ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

አያ ሙሄ ጉቦ እንዳልበሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ወሬው ከየት እንደተነሣም የማውቀው እኔ ነኝ። ከእኔ ነው የተነሣው።

ፋብሪካው ማሾ ያበጥራል። ከጨፋ ሸለቆ፣ ከሰንበቴ፣ ከየቆላው በአይሱዙ የሚመጣውን ማሾ ተቀብሎ፣ ጠጠሩንና ገለባውን ለይቶ፣ በጆንያ አሽጎ ወደ ውጭ ይልካል። እኔ በስታትስቲክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ እዚያ ዳታ አናሊስት ሆኜ ተቀጠርኩ። የሙከራ ጊዜ ቅጥር ነው፤ ካልወደዱኝ ያሰናብቱኛል። የሥራ ቦታዬ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ከሚዛኑ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ሆነች። በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፔን አቅፌ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳመነታ፣ ከበሩ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጡ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ መፋቂያ አፋቸው ጥግ ላይ ተሰክቷል።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ?"

እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛው ገብቶኛል፤ እናቴም እኔን "ኢንተላ" ነው የምትለኝ፣ አንቺ ልጅ ለማለት። ግን የመለስኩት ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ዳታ አናሊስት ነኝ።"

"እሱ ምን ይሠራል?"

ትምህርት ቤት የተማርኩትን መልስ ፈለግሁ፤ ጠፋኝ። "ቁጥር ያያል" አልኩ።

"ቁጥር ያያል?" መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "እኔ እህል አያለሁ። በይ እንግዲህ፣ ጎረቤት ሆነናል።"

ሥራቸው ናሙና መውሰድ ነበር። አይሱዙው በር ላይ ሲቆም በሾለ ብረት ጆንያውን ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይወጉና አንድ ጭብጥ እህል ያወጣሉ። እህሉ ወደ እርጥበት መለኪያው ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ የእርጥበቱን መቶኛ ቁጥር ያሳያል። እርጥብ ማሾ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። አያ ሙሄ ግን ማሽኑ ከተናገረ በኋላ አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጡና፣ አንዲት ፍሬ በመንጋጋቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነክሳሉ። የሚያዳምጡ ነው የሚመስሉት። ደረቁ "ቀጭ" ይላል፤ እርጥቡ ሳይሰበር ይለመጣል። ከዚያ ለመዝጋቢዋ ለፎዚያ ቁጥሩን ይነግሯታል፤ ትጽፋለች፤ እሳቸው ይፈርማሉ። አይሱዙው ይገባል ወይም ይመለሳል።

ነጋዴዎቹ ይሰድቧቸው ነበር። "አያ ሙሄ፣ ጥርስህን እግዜር ይንቀለው!" ይላል አንዱ እህሉ የተመለሰበት። "አሚን" ይላሉ እሳቸው፣ "ግን ከነቀለው በኋላም በድዴ አውቀዋለሁ።"

እኔ በዚያን ጊዜ ከሰው ጋር ላለመነጋገር የማላደርገው ነገር አልነበረም። ፎዚያ ከግድግዳው ማዶ፣ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጣ፣ የምጠይቃትን በኢሜይል እጽፍላት ነበር። ፎዚያ ደግሞ ኢሜይሉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች። አንድ ቀን አያ ሙሄ በሬን አንኳኩተው ገቡ።

"አንቺ ነሽ ከግድግዳ ማዶ ደብዳቤ የምትልኪው?"

"አዎ።"

"ሰው እንዳይበላሽ ነው?"

"እፈራለሁ" አልኳቸው። ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ አላውቅም።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። "እኔም እፈራለሁ" አሉ። "በየጆንያው እፈራለሁ። የፈራ ይመዝናል፤ ያልፈራ ይገምታል። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ አልልሽም። ፍሪ። ግን ፈርተሽ አትተኚ።"

መንገድ ተዘግቶ መኪና የማይመጣባቸው ቀናት ነበሩ። የከተማው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚውልባቸው ቀናት፤ የአንድ ጎማ መፈንዳት እንኳ ሁላችንንም ከወንበራችን ያስነሣን ነበር። በእነዚያ ቀናት አያ ሙሄ ከሦስት ጆንያ ሦስት ጭብጥ ማሾ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፉና "ንከሺ" ይሉኛል። እነክሳለሁ።

"ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት?"

"አሥራ ሁለት የማን ልጅ ነው?"

አልገባኝም ነበር።

"አንድ እንግዳ ሰው ደጅሽ ቢቆም 'የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?' ትይው የለም? ቁጥርም እንግዳ ነው። ዘሩን ሳትጠይቂ ቤት አታስገቢ። ይኼ አሥራ ሁለት ከጥርስሽ ተወለደ ወይስ ከፍርሃትሽ?"

ከፍርሃቴ ነበር። እርጥብ ነው ብል እንዳልሳሳት፣ ደረቅ ነው ብል እንዳልሳሳት፣ መሐሉን መርጬ ነው። ይህን ሲያውቁ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "ቁጥር ምስክር ነው፣ ኢንተላ። ያላየ ምስክር ከቀረበ ሰው ይሞታል።"

ያን ጊዜ ጥሩ አባባል ነው ብዬ ነበር የሰማሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያላየሁትን የመሰከርኩት እኔ ሆንኩ።

ከውጭ ያለው ገዢ ሁለት ኮንቴይነር ማሾ ሻግቷል ብሎ መለሰ። ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታትም እንዲህ ያለ ቅሬታ መጥቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሰው ሲያናግር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክራል፤ እኔ ደግሞ ስልኩ እስኪቆም ድረስ መተንፈስ አልችልም።

"የሦስት ዓመቱን መዝገብ ውሰጂ። የተበላሸው እህል ከየት በኩል እንደገባ አግኚልኝ።"

"እሺ።"

"ደግሞ 'ምናልባት፣ ይመስላል' እንዳትይኝ። ሰው ስጪኝ።"

የፎዚያን መዝገብ ከኮምፒውተሯ ወሰድኩ። እንደተማርኩት መጀመሪያ ዳታውን አጸዳሁ፦ የተደገሙትን መስመሮች አወጣሁ፣ የተሳሳቱ ቀኖችን አረምኩ፣ ባዶ የሆኑ ዓምዶችን አጠፋሁ። ከዚያ የተበላሸው ማሾ የገባባቸውን ቀናት ፈለግሁ። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው የገቡት። በበልግ ዝናብ እህል ቢረጥብ አይደንቅም። የሚደንቀው መዝገቡ ነው፤ ሁሉም "ደረቅ" ተብለው ተመዝግበዋል። ሁሉም ሥር ያለው ፊርማ ደግሞ አንድ ነው።

ግራፉን ሠርቼ ጨረስኩ። ደጋግሜ አየሁት። ወጥቼ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ በርጩማቸው ከበሬ ስድስት እርምጃ ነው። አልወጣሁም። መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ፈራሁ፤ ሥራ አስኪያጁን ፈራሁ፤ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጥኩበትን ፍራሽ ፈራሁ። "የተበላሸው ጭነት በሙሉ ያለፈው በአንድ ናሙና ወሳጅ እጅ ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ላክሁት። ስወጣ አያ ሙሄ "ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው ፊትሽ እንደ ተልባ ውሃ የሆነው?" አሉኝ። "ራሴን አሞኝ ነው" አልኩ።

በማግሥቱ ፋብሪካው ውስጥ ወሬው ነበር። ሽማግሌው ከደላላ ጉቦ እየተቀበሉ እርጥብ እህል ያስገባሉ ተባለ። ጉቦ የሚል ቃል እኔ አልጻፍኩም። ግን ስም ጽፌ ምክንያቱን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ባዶውን ሰው በራሱ ሞላው። አያ ሙሄ በሚቀጥለው ቀን ረፋድ ላይ ስብሰባ እንዲቀርቡ ወረቀት ደረሳቸው።

ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ የገዛችውን ምስርና ተምር ከዘንቢል እያወጣች ነበር። ወሩ ሻዕባን ነው፤ ረመዳን ሁለት ሳምንት አልቀረውም።

"ዘንድሮ ደግሞ ፈጠነ" አለች ለራሷ። "አምና እኮ ከዚህ አሥር ቀን ዘግይቶ ነው የገባው። ካቻምና ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ።"

ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። በወር ደምሬ የሠራሁትን ግራፍ በቀን ፈታሁት። የተበላሸው ማሾ የገባባቸው ቀናት በየዓመቱ ሠላሳ ቀን ያህል ናቸው፤ በየዓመቱም በአሥር፣ በአሥራ አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ዝናብ እንዲህ አይሄድም። ደላላም እንዲህ አይሄድም። ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩት እኔ፣ የከሚሴ ልጅ፣ ረመዳንን ቁጥር ውስጥ ሳየው አላወቅሁትም።

ያላጸዳሁትን፣ የፎዚያን ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። ከመጨረሻው ጥግ "ምርመራ" የሚል ዓምድ ነበር። ከላይ ሳየው ባዶ ስለሆነ ያጠፋሁት ዓምድ ነው። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከዚያ ረመዳን በገባበት ቀን እንዲህ ይላል፦ "ማሽኑ እንዳለው።" በሚቀጥለው መስመርም "ማሽኑ እንዳለው።" እስከ ዒድ ዋዜማ ድረስ በየመስመሩ። በሌላው ዓመትም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ።

ጠዋት ሳይነጋ ተነሥቼ ቀድሜ ፋብሪካ ደረስኩ። ፎዚያ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ጠየቅኋት።

"ፎዚያ፣ ይኼን ማን አጻፈሽ?"

"እንዴ፣ ሐዋ ተናገረች!" ብላ ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። "አያ ሙሄ ናቸዋ። ረመዳን ሲገባ እሱን ካልጻፍሽ አልፈርምም ይላሉ።"

አያ ሙሄ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ለስብሰባው።

"አያ ሙሄ፣ በረመዳን እህሉን ይነክሳሉ?"

"ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው?"

"ታዲያ ያን ጊዜ እርጥበቱን ማን ይናገራል?"

"ማሽኑ ነዋ።"

"በሌላው ጊዜስ?"

"በሌላው ጊዜ ማሽኑ አሥር ካለ እነክሰዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ካለ አሥራ አራት ነው። ሁለት ይሰርቃል። ፎዚያ የእኔን ትጽፋለች።"

"ለምን ለማንም አልተናገሩም?"

"ተናግሬያለሁ፣ ማሽኑን ለተከለው ለዚያ ለባለሙያው። 'አባቴ፣ ይኼ ማሽን ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው፣ በአንተ ጥርስ አይታረምም' አለኝ።" መፋቂያቸውን አዙረው ነከሱ። "እኔ ጥርሴ ያላየውን አልመሰክርም። በረመዳን አላየሁም። አላየሁም ብዬ ደግሞ አጽፌያለሁ። ያነበበው የለም እንጂ።"

ሰኔም ጥቅምትም እሳቸው የማሽኑን ስህተት በጥርሳቸው ሲያርሙ ኖረዋል። ፋብሪካው ሳያውቀው አሥራ አንድ ወር የሚኖረው በእሳቸው መንጋጋ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ወር እሳቸው ሲጾሙ ማሽኑ ብቻውን ይቀራል፤ እርጥቡ እህል ይገባል። እኔም ይህንን ሁሉ አይቼ፣ የመሰከሩበትን ዓምድ አጥፍቼ፣ ስማቸውን ጻፍኩ።

"አያ ሙሄ፣ እኔ..." አልኩ። ሳልጨርስ የስብሰባው ሰዓት ደርሶ ጠሯቸው። እኔንም ጠሩኝ።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁና ሦስት ኃላፊዎች ነበሩ። የእኔ ግራፍ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አያ ሙሄን ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ይኼ ሁሉ እርጥብ እህል ደረቅ ነው ብለህ ፈርመሃል" አለ ሥራ አስኪያጁ። ስልኩ ይሽከረከራል።

"እኔ ደረቅ ነው አላልኩም።"

"ፊርማህ ይኸው!"

"ፊርማዬ ከማሽኑ ቃል ሥር ነው ያለው። 'ማሽኑ እንዳለው' ብሎ ተጽፏል።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። "ሐዋ፣ አንቺ ባየሽው ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር አለ?"

የለም ብል ውሸት አልነበረም። እኔ በላክሁት ፋይል ውስጥ የለም። ከዚያ ቃል በኋላ ወደ ክፍሌ ተመልሼ፣ የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ፣ ቋሚ ሠራተኛ እሆን ነበር። አያ ሙሄ አላዩኝም። መሬቱን ነበር የሚያዩት። እንዳያስጨንቁኝ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

"ነበር" አልኩ።

"ጮክ በይ።"

"ነበር። እኔ... አጥፍቼው ነው።"

"ምኑን ነው ያጠፋሽው?"

"የመጨረሻውን ዓምድ። ባዶ መስሎኝ።" ከዚያ በኋላ ያልኩትን በሙሉ አላስታውስም።  ስለ ረመዳን ተናገርኩ፣ ማሽኑ ስለሚሰርቀው ሁለት ተናገርኩ። አንዱ ኃላፊ "ታዲያ የትኛውን ሪፖርትሽን እንመን? የቀደመውን ወይስ የዛሬውን?" አለኝ። ይህ ነበር ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት ጥያቄ። "ሁለቱንም አትመኑ" አልኩ። "እህሉን ጠይቁት።"

ከአምስት ጆንያ ናሙና ተወሰደ። ማሽኑ ቁጥሩን ተናገረ፤ ተጻፈ። አያ ሙሄ ተጉመጠመጡ፣ ነከሱ፣ ተናገሩ፤ ተጻፈ። ከዚያ የላብራቶሪው ባለሙያ እህሉን መዝኖ ምድጃ ውስጥ አስገባው፤ እስከ ነገ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፣ የጎደለው ውሃ ነው። እስከ ነገ! አያ ሙሄ ባለፈው ክረምት አንድ መንጋጋቸውን መነቀላቸውን እንደነገሩኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቢሳሳቱስ? ያን ቀን ቁጭ ብዬ መዋል አልቻልኩም፤ ከክፍሌ ወደ ሚዛኑ፣ ከሚዛኑ ወደ ክፍሌ። እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ። "ሂን ሶዳቲን" አሉኝ፣ አትፍሪ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። "እህል አይዋሽም።"

አልዋሸም። በማግሥቱ አምስቱም ናሙና ላይ የአያ ሙሄ ቁጥር ከምድጃው ጋር በጥቂት ብቻ ተለያየ፤ ማሽኑ በአምስቱም ላይ በሁለት ያህል ጎድሏል። ማሽኑ ሲከፈት የእህል ዓይነት መምረጫው "ስንዴ" ላይ ሆኖ ተገኘ። ከተተከለ ጀምሮ ማሾን እንደ ስንዴ ሲለካው ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ አያ ሙሄን "በል፣ ወደ ሥራህ ተመለስ" አላቸው። ይቅርታ ያለ ሰው አልሰማሁም።

እኔ ግን በርጩማቸው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ፤ ይቅርታ ለማለት። እንባዬ ቀደመኝ።

"ዘግይቶ የመጣ ምስክርም ምስክር ነው" አሉ። "ለምን ታለቅሻለሽ? ይልቅ ንከሺ።" አንድ ጭብጥ ማሾ ሰጡኝ።

"አሥራ ሦስት" አልኩ።

"የማን ልጅ?"

"የጥርሴ።"

"ማሻአላህ።"

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እወድ ነበር። ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ ያ ረመዳን ደኅና አለፈ፤ አንድም እርጥብ ጆንያ አልገባም። ከዒድ በኋላ አያ ሙሄን በክብር አሰናበቷቸው። ማሽኑ ትክክል ከተናገረ ጥርስ አያስፈልግም፤ ጆንያ የሚወጋ ጎልማሳ ቢሆን ይሻላል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ በቁጥር ባየው እኔም እንዲሁ እል ነበር። ስማቸውን ያዳንኩ መስሎኝ ሥራቸውን ወሰድኩባቸው። ይህን ስነግራቸው "ጥርሴ ደግሞ የራሱን እህል ይብላ እንጂ" ብለው መፋቂያቸውን ሰክተው ሄዱ፣ ወደ ጨፋ፣ ወደ ልጃቸው ማሳ። የፋብሪካውን በር ሲወጡ ግን አንዴ ዞረው በርጩማውን አዩት።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሆነው "ደብዳቤ የምትልከዋ አለች?" ይላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ግን ስብሰባ መጠራታቸውንና ከሥራ መውጣታቸውን እንጂ በመሐሉ የሆነውን አልሰማም። ምድጃውን ማን ያወራል? ጉቦ ነው የሚወራው።

ለተዕዚያ፣ ቤተሰቡን ለማጽናናት፣ ጨፋ የሄድኩት ሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ልጃቸው ማን መሆኔን ስትሰማ እጄን ያዘችው።

"አንቺ ነሽ ያቺ የምትፈሪው?"

"ነኝ።"

"'ያቺ የምትፈራ ልጅ ብቻ ናት ያጻፍኩትን አንብባ የተመለሰችው' ይል ነበር።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መሞቱስ የአላህ ነው። ጉቦ በልቶ ተባረረ የሚሉት ነው የሚያንገበግበኝ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሰምተው መጡ።"

አብሬያት አለቀስኩ እንጂ ምንም አላልኳትም። እሷን ማሳመን አያስፈልግም፤ እሷ ታውቃለች።

ከጨፋ ስመለስ ከሚሴ መናኸሪያ ወረድኩ። ባጃጆቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። አረንጓዴ አበባ የተንጠለጠለበትን ፈለግሁ። ከመደዳው አራተኛው ነው። ሹፌሩ ከጓደኞቹ መሐል ነበር። ማለፍ እችላለሁ፣ ብዬ አሰብኩ። ግን ወደ እሱ ሄድኩ።

"ወንድሜ" አልኩ። አልሰማኝም። "ወንድሜ!"

ሁሉም ዞሩ።

"ባለፈው ስለ ማሾ ፋብሪካው ሽማግሌ ስታወራ ነበር። ጉቦ በልተው ተባረሩ ብለሃል። አልበሉም።"

"እንዴ! ዘመዳቸው ነሽ?" አለ አንዱ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?" አለ ሹፌሩ።

"ያስጠረጠራቸውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። እህሉ ተለክቶ እውነተኛው እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ሲለካ ቆሜ አይቻለሁ።"

 ከሹፌሮቹ አንዱ "በል መልስ!" ብሎ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው። ሹፌሩ ራሱን አከከ።

"ወላሂ እህቴ፣ እኔ ከራሴ አላመጣሁም። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ስታወራ 'ሰው እንዳለው' ብለህ አውራ" አልኩት።  "አሁን ግን ሰው አይደለም የነገረህ። ከጠየቁህ፣ ሐዋ አለች በል። ሐዋ፣ የማሾ ፋብሪካዋ።"